ቤት ድረስ የሚመጣ እንክብካቤ በምን ይመዘናል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

እናት ወይም አባት ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ሲገቡ፣ ወይም ዕድሜ ተጭኗቸው ብቻቸውን መታጠብና መልበስ ሲያቅታቸው፣ ኤጀንሲ ሰው ይልካል። ተንከባካቢዋ ጠዋት ትገባለች፤ ልጆች ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ በሩ ይዘጋል። ሆስፒታል ቢሆን ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ጎን የተኛው ሕመምተኛም፣ ጠያቂውም ያያል። ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ሠራተኛዋ፣ ሌላዋ ለመናገር አቅም ወይም ድፍረት ያነሳት ታማሚ። ታዲያ አገልግሎቱ ጥሩ ነው? አደጋስ የለበትም? ይህን ማን ያውቃል፣ በምንስ ያውቃል? የዛሬው ትምህርታችን እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአሜሪካ ነው፤ በተለይም ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ። እዚህ አካባቢ ጉዳዩን ከሁለት ወገን እናውቀዋለን። በአንዱ ቤት እናት በኤጀንሲ ሠራተኛ ትረዳለች። በሌላው ቤት ልጅቱ ራሷ ሆም ኬር ትሠራለች፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ የማታውቃቸውን አዛውንት ልታጥብና ልታበላ ትሄዳለች። የምናገረው ለሁለቱም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ብዙ ቤተሰብ እንክብካቤውን ሳይመዝን የሚቀረው ግድ አጥቶ አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። «እናቴን እያጠበችልኝ ምን ብዬ ልጠይቃት?» ይላል። የመጣችው የሀገር ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ቡና አብሮ ተጠጥቷል፣ ዘመድ ተጠያይቋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ እጅ መታጠብና ስለ መድኃኒት ሰዓት ማንሳት እንደ ነውር ይቆጠራል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሥራዋን የምታውቅ ተንከባካቢ ስትጠየቅ አትከፋም፤ ልፋቷ የሚታይላት ያኔ ነውና። የሚከፋው ማንም የማይጠይቅበት ቤት ነው፤ እዚያ ጎበዟም ሰነፏም እኩል ናቸው።

መጀመሪያ ቤታችሁ የሚመጣው ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ ለዩ። አንደኛው ሐኪም የሚያዘው የሕክምና እንክብካቤ ነው። ነርስ ቁስል ታጸዳለች፣ መርፌ ትሰጣለች፣ የደም ግፊት ትለካለች፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትሮክ የመታውን ሰው ያለማምዳል። ይህን ሜዲኬር፣ ማለትም በዋነኛነት ለአዛውንት የሆነው የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍለው ሕመምተኛው ከቤት መውጣት የሚከብደው ሲሆን፣ የነርስ ወይም የቴራፒ ሙያ ሲያስፈልገውና ሐኪም ሲያዝለት ነው፤ ያውም በሳምንት ለተወሰነ ሰዓት። ሁለተኛው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ሽንት ቤት ማድረስ ነው። የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ከሆነ ሜዲኬር አይከፍልም። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ሜዲኬድ በየስቴቱ ደንብ ይከፍላል፤ አለዚያ ከኪስ ነው። ሌት ተቀን አብሮ የሚቆይ ሰው በሜዲኬር ይገኛል ብለው የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፤ አይገኝም።

ይህን ማንሳቴ ለክፍያው ብቻ አይደለም። ቁጥጥሩም እንደዚያው ይለያያል። ከሜዲኬር ጋር የሚሠራ ኤጀንሲ በፌዴራል ደንብ ይገዛል፤ ቢያንስ በየ36 ወሩ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል። የግል እንክብካቤ ብቻ የሚሰጠው ኤጀንሲ በስቴቱ ፈቃድ ይሠራል፤ የአንዱ ስቴት ደንብ ጠበቅ፣ የሌላው ላላ ይላል። በሰው በሰው ተፈልጋ በእጅ እየተከፈላት የምትሠራዋን ግን የቀጠራት ቤተሰብ ካልተከታተላት ማንም አይከታተላትም። እንዲህ ባለው ቅጥር በጣም ደግ ሰዎች ይገኛሉ፤ ነገር ግን ብትታመም የሚተካት፣ ብትሳሳት የሚያርማት ነርስ የለችም። ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

ስለ ሕክምና ጥራት ሲነሳ ስማቸው የማይቀር ሐኪም አሉ፤ ዶክተር አቬዲስ ዶናቤዲያን። የአርመን ተወላጅ ነበሩ፤ ቤይሩት ተወልደው ኋላ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል እንደሚታይ አስረዱ። ሥራው በማንና በምን ተደራጅቷል? ሲሠራ እንዴት ይሠራል? በመጨረሻስ ሕመምተኛው ምን ሆነ? እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፈቃድ አላቸው ወይ እንላለን፤ አላቸው እንባላለን፤ እንፈርማለን። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም እናቴ ከሦስት ወር በፊት ከነበረችበት ተሻላት ወይስ ባሰባት የሚለው፣ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ሆኖ ሳለ ሳይነሳ ይቀራል።

ከድርጅቱ እንጀምር። የፌዴራሉ ደንብ ለሜዲኬር ኤጀንሲ የምትሠራ ሆም ኸልዝ ኤድ፣ በአጭሩ ኤድ የምትባለው የቤት ተንከባካቢ፣ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና እንድትወስድ ያዛል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ ባለሙያ እያያት የምትለማመድበት ነው። ከዚያም በየዓመቱ የ12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት አለባት። ከዚህ በላይ የሚጠይቁ ስቴቶች አሉ። ኤጀንሲውን ስትጠይቁ «ሠልጥናለች» በሚለው መልስ አትርኩ፤ እናታችሁን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማሻገርን በተግባር ተምራለች ወይ በሉ። ነርስ ወይም ቴራፒስት የሚከታተለው ሕመምተኛ ቤት በምትሠራ ኤድ ላይ በየ14 ቀኑ የበላይ ባለሙያ ክትትል መደረግ አለበት። ስለዚህ የምትቆጣጠረዋ ነርስ ስም ማነው? ቀጥታ ስልኳ ስንት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው መቼ ነው? የነርሷን ስም ማንም የማያውቅበት ቤት ካለ፣ እዚያ ቤት ቁጥጥሩ ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ፣ ሐኪሙ ሌላ ቀን ካልቆረጠ በስተቀር፣ የመጀመሪያው የነርስ ጉብኝት በ48 ሰዓት ውስጥ መሆን አለበት። ሙሉ ምርመራው፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንድ በአንድ የሚታዩበት፣ በአምስት ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ኬር ፕላን የሚባለው የእንክብካቤ ዕቅድ ይጻፋል፤ ቢያንስ በየ60 ቀኑም ይታደሳል። ዕቅዱን እንድታዩት ብቻ ሳይሆን ሲወጣም እንድትሳተፉበት መብታችሁ ነው። እናታችሁ ዐቢይ ጾምን የምትጾም፣ አባታችሁ ረመዳንን የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ ዕቅዱ ውስጥ ካልገባ የትም አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ እናት ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ስትቆይ ስኳሯ ይወርዳል፤ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታባታል። ሠራተኛዋ ስለ ጾሙ ምንም ካልተነገራት «ዛሬ ደክሟቸዋል» ብላ ታልፈዋለች። ጾሙን የሚያስተናግድ የመድኃኒት ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል፤ አንዳንዴም ሐኪሙ አይሆንም ሊል ይችላል። በዝምታ መጾም ግን የከፋው መንገድ ነው።

ኤጀንሲዎች ወደሚመዘኑባቸው ኮከቦች እንምጣ። ሜዲኬር ኬር ኮምፔር የሚባል የሕዝብ መረጃ አለው። ሜዲኬር የቤት ሕክምና ኤጀንሲዎችን ውጤት ማሳየት የጀመረው በ2003 ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። የሚለካው ነገር ጥሩ ነው፤ ሕመምተኞቹ መራመድ፣ ከአልጋ መነሳት፣ ራሳቸውን መታጠብ፣ መድኃኒታቸውን በራሳቸው መውሰድ ተሻሽሎላቸዋል ወይ፣ ትንፋሽ ማጠሩ ቀንሷል ወይ የሚል ነው። ኤጀንሲ ከመምረጣችሁ በፊት እዩት። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አብዛኛው መረጃ የሚመነጨው የኤጀንሲው የራሱ ባለሙያ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ከሚሞላው መመዘኛ ነው፤ ተማሪው የራሱን ፈተና እንዳረመ ያህል ነው። ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ የሕመምተኞችን አስተያየት የሚሰበስበው ብሔራዊ መጠይቅ በአማርኛ አለመዘጋጀቱ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶቻችን ስለ ተንከባካቢዎቻቸው የሚሉት በእነዚያ ኮከቦች ውስጥ እምብዛም የለም። መጠይቁ በፖስታ ሲደርሳቸው እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ጥላችሁ አትሂዱ፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እያነበባችሁ የሚሉትን ሙሉላቸው። የኤጀንሲው ሠራተኛ እንድትሞላው ግን አይፈቀድም። አዲስ ወይም ትንሽ ኤጀንሲ ኮከብ ላይኖረው ይችላል፤ በቂ መረጃ ስለሌለ እንጂ መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን በበሩ ገብተን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በካናዳ በሦስት ግዛቶች የቤት እንክብካቤ ያገኙ 1,200 ሰዎችን የሕክምና መዝገብ የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ጥናት አለ። በዓመት ከመቶ ሕሙማን ወደ አሥር የሚሆኑት ከእንክብካቤው ጋር የተያያዘ ጉዳት ይደርስባቸዋል፤ ከጉዳቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ማስቀረት ይቻል ነበር። ከሁሉ የሚበዙት መውደቅ፣ የቁስል መመረዝ፣ የመድኃኒት ስሕተትና የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ችግር ነበሩ። ለጉዳቱ ምክንያት የሆነውን ሲፈልጉም የባለሙያዎቹን ድርሻ ብቻ አላገኙም፤ ሕመምተኛው ራሱ የወሰነው ወይም ያደረገው ነገር በግማሽ ገደማው ውስጥ፣ ቤተሰብ ያደረገው ደግሞ በአምስት አንድ ያህሉ ውስጥ እጁ ነበረበት። ለዚህ ነው እንክብካቤን ስንመዝን ሠራተኛዋን ብቻ ማየት የማይበቃው፤ ቤቱም፣ እኛም ከሚመዘኑት ውስጥ ነን።

መድኃኒቱን ውሰዱ። ከሆስፒታል የወጣ ሰው አዲስ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ አሮጌውም መደርደሪያው ላይ አለ። ላሲክስና ፉሮሴማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ኩማዲንና ዋርፋሪንም እንዲሁ። ስማቸው ስለተለያየ ሁለቱንም መውሰድ ይመጣል፤ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን እጥፍ የወሰደ ሰው ደግሞ ሊደማ ይችላል። በዚያ ላይ ከሀገር ቤት ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ኪኒን አለ፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒትም አለ። ቤናድሪል ለምሳሌ ለአዛውንት አይመከርም፤ ያደናግራል፣ ያስወድቃል። ነርሷ ስትመጣ ሐኪም ያዘዘውን ብቻ አታሳዩዋት፤ ከራስጌ መሳቢያው፣ ከቦርሳው፣ ከወጥ ቤቱ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። ዳማከሴም ይሁን ሌላ የባህል መድኃኒት ካለ ሳታፍሩ ተናገሩ። ጎመንም ቢሆን ጉዳይ አለው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በጾም ወራት ጎመን በድንገት ሲያበዛ በቅጠሉ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። መፍትሔው ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ማድረግና ለሐኪሙ ማሳወቅ ነው። ጥሩ ኤጀንሲ ማለት እንግዲህ ነርሷ ይህን ሁሉ የምትጠይቅበት ነው፤ ዝርዝሩን ከሆስፒታል ወረቀት ገልብጣ የምትሄድ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልተሠራም። የኤድዋን ሥልጣንም እወቁ፤ በብዙ ቦታ ኤድ መድኃኒት እንድታስታውስ እንጂ እንድትሰጥ አይፈቀድላትም፣ ስቴቱ ይወስነዋል። «አንቺው ስጪልኝ» ብላችሁ ከተፈቀደላት በላይ አትግፏት።

መውደቅን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ማንም አይናገረውም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 ከሞላና ካለፈ ሰዎች በየዓመቱ ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆነው ይወድቃል፤ አንዴ የወደቀ ሰው እንደገና የመውደቅ ዕድሉ እጥፍ ይሆናል። አባቶቻችን ወድቀው ተነስተው ዝም ይላሉ፤ ነጻነታቸው እንዳይነካ ይፈራሉ። ጋቢ ወለል ላይ ይጎተታል፤ ነጠላ ጫማው ያንሸራትታል፤ ከሳሎን እስከ መኝታ ምንጣፍ በምንጣፍ ነው። የፎጣ መስቀያውን እየያዙ ከገንዳ የሚወጡ አሉ፤ ፎጣ መስቀያ የሰው ክብደት አይሸከምም፣ ግድግዳው ውስጥ በጽኑ የተተከለ መያዣ ብረት ያስፈልጋል። ተንከባካቢዋ ስታስነሳቸው ተመልከቷት። ክንዳቸውን ጎትታ ካነሳች ትከሻቸው ይጎዳል፣ የራሷም ወገብ ይታመማል። የሠለጠነችው ወገባቸው ላይ ቀበቶ ታስራለች፣ እግራቸው ወለሉን በደንብ መርገጡን ታያለች፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ አብረዋት እንዲነሱ ታደርጋለች።

ስለ ቆዳ የምለው በጥሞና ይሰማልኝ። አልጋ ላይ የሚውል ሰው ላይ ቁስል የሚጀምረው አጥንት በሚጫንበት ነው፤ በወገብ ሥር፣ በዳሌ፣ በተረከዝ። የሕክምና መጻሕፍት የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው ይላሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ይጠቁራል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ሲነካ ከዙሪያው ይልቅ ይሞቃል፣ ወይም ይጠጥራል፣ ያማል። በነጭ ቆዳ ላይ ብቻ የተማረች ነርስ ሊያመልጣት ስለሚችል በእኛ ወላጆች ላይ ቁስሉ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ነው። በቂ ብርሃን ባለበት፣ በእጅ ጀርባ እየዳሰሱ ማየት ያስፈልጋል። ራሱን መገላበጥ የማይችል ሰው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ በአንድ ጎን ከተኛ ማገላበጥ የተለመደ ነው፤ የእናንተ ሰው በየስንት ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለበት ነርሷ ዕቅዱ ላይ ትጻፍ፣ የተገላበጠበትም ሰዓት ይመዝገብ። ልጅ እናቱን ገልጦ ማየት እንደሚያሳፍረው አውቃለሁ። እንግዲያው እህት፣ አክስት ወይም ነርሷ ትይ፤ ሳይታይ መቅረቱ ነው የማይሆነው።

ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ባለበት ቤት ከሰል ማያያዝ፣ ዕጣን ማጤስ፣ ጧፍ ማብራት አይገባም። ኦክስጅን ራሱ አይቃጠልም፤ ግን ትንሿን ፍንጣሪ ወደ ነበልባል ያፋጥናታል፣ በልብስና በፀጉር ውስጥም ተጠራቅሞ ይቆያል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ጸሎቱ በባትሪ ሻማ ይሁን። ኦክስጅን በሌለበት ቤትም ቢሆን በዝግ አፓርታማ ውስጥ የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ይተዋል። ይህን ለቤተሰቡ ለመናገር የደፈረች ተንከባካቢ ካጋጠመቻችሁ ባህል ናቀች አትበሏት፤ ሥራዋን ሠራች።

ጓንትና እጅ መታጠብ ለየብቻ መሆናቸውን በአጭሩ ልጨምር። ጓንት ከማጥለቋ በፊትም፣ ካወለቀች በኋላም እጇን በሳሙና ወይም በአልኮል ማጽዳት አለባት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ወላጆቻችንን ራሳቸውን ወደ መጠየቅ። ማታ ከሥራ ስትመለሱ «እማዬ፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ብትሉ መልሱን ታውቁታላችሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» እውነቷን ነው የምታመሰግነው፤ ከዚያ ግን ምንም አይታወቅም። ጥያቄውን ቆራርጡት። «እማዬ፣ ዛሬ ገላሽን ታጠብሽ? ውኃው አልቀዘቀዘም? ከወንበር ስትነሺ ማን ያዘሽ? ምሳ ምን በላሽ፣ ጨረስሽው? ሽንት ቤት ስትፈልጊ ብዙ ጠበቅሽ?» እንዲህ ሲጠየቁ ይናገራሉ። ቅሬታም ካላቸው በሦስተኛው ሰው ይጀምሩታል፤ «አንዳንድ ሰው ሲያጥብ ይቸኩላል» ካሉ ስለራሳቸው ነው። ትዕግሥት ይኑራችሁ። የማስታወስ ችግር ያለባቸው ከሆነ ደግሞ አካላቸውን ጠይቁ፤ ክብደታቸው ቀንሷል? ጥፍራቸው ንጹሕ ነው? ምክንያቱ የማይታወቅ ብልዝ አለ? ሠራተኛዋ ስትገባ ፊታቸው ይበራል ወይስ ይጨማደዳል? አንዳንዴ ሳትናገሩ፣ በተለየ ሰዓት ወደ ቤት ብቅ በሉ።

የቋንቋው ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። የፌዴራሉ ደንብ ኤጀንሲው የሕመምተኛውን መብት በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዳ ያዛል፤ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ነው። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ይህን ማሟላት አለባቸው። እናት ስለ ሽንቷ፣ ስለ ማኅፀኗ፣ ስለ ሐዘኗ በልጅ ልጇ አስተርጓሚነት እንድትናገር ማድረግ ደግሞ ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁም ያልገባውን ይዘላል፣ እሷም የሚያሳፍራትን ትውጣለች፤ ነርሷ የምትጽፈው ከሁለቱ የተረፈውን ነው።

በሌላው ወገን ላላችሁት፣ ለሠራተኞቹ፣ የምለው አለኝ። ጥሩ እንክብካቤ ከተዳከመ ሰው አይወጣም። አምስት ቤት በቀን የምትዞር፣ ምሳዋን መኪና ውስጥ የምትበላ ሴት እንዴት ተረጋግታ ታጥብ? ለዚህ ነው ኤጀንሲ ስትመርጡ አንድ ሠራተኛ በአማካይ ስንት ጊዜ ትቆያለች ብላችሁ እንድትጠይቁ የምመክረው። በየሳምንቱ አዲስ ፊት የሚመጣበት ቤት የእናትን ልማድ፣ የቱ እግሯ እንደሚያማት፣ ውኃ እንዴት እንደምትወድ የሚያውቅ የለም። ቤተሰቦችም ብንሆን ድርሻ አለን። ለእናታችሁ የተመደበው ሰዓት የእናታችሁ ነው። እንግዳ ስለመጣ ዶሮ ወጥ እንድትሠራ፣ የቤተሰቡን ሁሉ ልብስ እንድታጥብ ስታዙ፣ ከእናታችሁ ሰዓት እየሰረቃችሁ ነው። እሷም ይሉኝታ ይዟት እምቢ አትልም።

በሜዲኬድ የሚከፈል ከሆነ ሠራተኛዋ መግቢያና መውጫ ሰዓቷን በስልኳ ወይም በመሣሪያ ታስመዘግባለች። ይህ የመጣው በ2016 በወጣ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ምን አገልግሎት፣ ለማን፣ በማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደተሰጠ ይይዛል። መምጣቷን ያሳያል እንጂ እናታችሁ መብላቷን አያሳይም፤ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ያልተሠራ ሰዓት ላይ ፈርሙ የሚላችሁ ካለ አትፈርሙ። ሠራተኛዋ ብትለምናችሁም፣ ብታዝኑላትም አትፈርሙ፤ ሕጉ ማጭበርበር ይለዋል፣ እሷም ሥራዋን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በላይ ልታጣ ትችላለች።

ነገር ሲበላሽስ? መጀመሪያ ቀኑንና የሆነውን ጻፉ፤ ቁስልም ሆነ ብልዝ ካለ ፎቶ አንሱ። ነርሷን ወይም የኤጀንሲውን የሕክምና ኃላፊ አነጋግሩ። ብዙው ነገር እዚያው ይፈታል፤ ሠራተኛ ይቀየራል፣ ዕቅድ ይስተካከላል። ካልተፈታ ኤጀንሲው መጀመሪያ ቀን በሰጣችሁ ወረቀት ላይ የስቴቱ የቅሬታ መቀበያ ስልክ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ እዚያ ደውሉ። የየት ቢሮ እንደሆነ ከጠፋባችሁ ኤልደርኬር ሎኬተር የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት በ1-800-677-1116 በአካባቢያችሁ ያለውን ይነግራችኋል፤ ሜዲኬር ደግሞ 1-800-633-4227 ነው። በሁለቱም ቁጥር አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ፤ ይህቺን ቃል እናታችሁንም አስተምሯት። መመታት፣ ማስፈራራት፣ ገንዘብ መጥፋት፣ ምግብ መከልከል ከሆነ የአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት ጋ ነው፤ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 911።

አንዳንዶች ቅሬታ ካቀረብን አገልግሎቱ ይቋረጥብናል፣ የመኖሪያ ወረቀታችንም ይነካል ብለው ይፈራሉ። ቅሬታ ስላቀረበ ሕመምተኛን መበቀል በደንቡ የተከለከለ ነው። ኤጀንሲውም የቀረበለትን ቅሬታ የማጣራት፣ ቅሬታው መቅረቡንና እንዴት እንደተፈታ በጽሑፍ የመያዝ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቅሬታ ስታቀርቡ የተቀበለውን ሰው ስም ጠይቃችሁ ያዙ፤ ከአሥር ቀን በኋላም መልሳችሁ ደውሉና ምን እንዳጣሩ፣ ምንስ እንደወሰኑ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን የሚሰጠውን ወረቀት እንዴት እንደምናነብ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)